ሰማንያ አንድ በመቶ ተመሳሳይ

ማክሰኞ፣ ሜይ 6

ኮሚቴው ዛሬ ሥራ ጀመረ፤ ሰብሳቢዋም እኔ ሆንኩ። ሌላ እጁን የሚያወጣ ስለጠፋ እንጂ ፈልጌው አይደለም። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው፦ ፋኩልቲያችን የሚሰጣቸው ሁለት ትምህርቶች፣ ኮምፒውተር ሳይንስና የመረጃ ጥናት፣ አንዱ ከሌላው በምን እንደሚለይ መጻፍ። ከቦነስ አይረስ የመጡት ገምጋሚዎች «ልዩነቱ የት ላይ ነው የተጻፈው?» ብለው ጠየቁ፤ የትም አልተጻፈም። እስከ ክረምት እረፍት ካላሳየን አንዱ ይዘጋል። የትኛው እንደሆነ ማንም አላነሳም። ስድስት መቶ ተማሪ ያለው የኮምፒውተር ክፍል እንደማይዘጋ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም።

እኔ በመረጃ ጥናት ተመርቄ በኮምፒውተር ክፍል እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ። የክፍላችን ኃላፊ ፋቢያን ማርኬሲ «ከሁለቱም ወገን ስለሆንሽ ገለልተኛ ነሽ፣ ሮክሲ» አለኝ። ዶኛ ኔሊዳ ጎትሊብ በተራ የምንጠጣውን የቅጠል ሻይ፣ ማቴውን፣ በቅል ሞልተው ሲያዞሩ ሰሙት።

«ከሁለቱም ወገን የሆነ ሰው ገለልተኛ አይባልም፣ ልጄ። ሥራ የበዛበት ነው የሚባለው» አሉ። ሁሉም ሳቀ።

ዶኛ ኔሊዳ የመረጃ ክፍል ኃላፊ ናቸው። ከገጠር ሻንጣዬን በገመድ አስሬ ስመጣ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ስንወጣ ማርኬሲ ስለ ፈተናዬ አነሳብኝ። «ጁላይ ላይ ይሆናል፤ እኔም ፈታኝ ነኝ፤ አታስቢ» አለኝ። አላሰብኩም። አሥራ አንድ ዓመት በየዓመቱ በሚታደስ ውል ካስተማርኩ በኋላ ቋሚ የምሆንበት ውድድር ነው፤ ማሰብ ምን ይጨምርልኛል።

ሐሙስ፣ ሜይ 15

ማርኬሲ ጥሩ ሐሳብ አመጣ። «የመረጃ ክፍል የኮርስ መግለጫዎች አቧራ አቧራ ይላሉ። ገምጋሚ ያንን ነው የሚያሸተው። አንቺ የዘመኑን ቋንቋ ታውቂያለሽ፤ እርጃቸው» አለኝ። ደግ ሐሳብ ነው። ደግ ስለሆነ ነው የተቀበልኩት።

ከሰዓት አምስቱን መምህራን ሰበሰብኳቸው። «ካታሎግ» የነበረውን «የሜታዳታ ሞዴል» አልነው። «የመጻሕፍት አመዳደብ» «የዕውቀት ምህንድስና» ሆነ። «የአንባቢ አገልግሎት» ደግሞ «የተጠቃሚ ገጽታ ንድፍ»። ኦራሲዮ ዕድሜውን ሙሉ ካታሎግ ያስተማረ ሰው ነው፤ አዲሱን ማዕረጉን አነበበና «ዛሬ ቤቴን ሳንኳኳ ሚስቴ ማን ልበል ትለኛለች» አለ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። አምስቱም ፈረሙ።

ስድስተኛዋ ዶኛ ኔሊዳ አልፈረሙም።

«የማስተምረው ነገር ስም አለው» አሉኝ።

«ስሙን እኮ ነው የምንቀይረው፤ ይዘቱን ማን ነካው?»

«ዕድሜዬን ሙሉ ስለ ስም ሳስተምር ኖሬ፣ ስም ምንም አይደለም ብለሽ አንቺ ልትነግሪኝ?»

ግትር ናቸው። ድሮም ግትር ነበሩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሞኝስ አይደሉም፤ ይህን በመጻፌ አፈርኩ።

እሑድ፣ ሜይ 18

ዝናብ። ዝናብ ሲጥል ባሌን ሁጎን ከምድጃው የሚያስነሳው የለም፤ ሊጥ እየጠበሰ ነው። ዱቄት በዱቄት ሆኖ ይጠይቀኛል።

«እስቲ ለእኔ ለዓሣ መንጠቆ ሻጩ አስረጂኝ። ልዩነታችሁ ምንድን ነው?»

«አንዱ ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ ያጠናል። ሌላው ሰው የሚፈልገውን ነገር እንዴት እንደሚያገኝ ያጠናል።»

«በቃ? ይህንኑ ጽፈሽ አትሰጪያቸውም?»

«እንደሱ ቀላል አይደለም።»

«ለምን?»

ምን ልበለው። በእኛ ዩኒቨርሲቲ መምህር የሚቀጠረው ለኮርስ ነው፤ ኮርሱ ከሥርዓተ ትምህርቱ ሲወጣ ወንበሩም አብሮ ይወጣል። «ኮምፒውተር ሳይንስ ማለት ምን ማለት ነው» ብለን ስንሟገት፣ ኦራሲዮ የትምህርት ዓመቱ በሚጀምርበት በማርች ደመወዝ ይኑረው አይኑረው እየተባባልን ነው። ይህን አልነገርኩትም። ሊጡን ሳይበርድ ጎርሼ ምላሴን አቃጠልኩ።

ዓርብ፣ ሜይ 30

ቶሎ ልጻፍ። ሠንጠረዡ አለቀ። የሁለቱን ክፍሎች መግለጫ ርዕስ በርዕስ አስተያይተን የሚመሳሰለውን ቆጠርን። ዘዴውን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ኮሚቴው አመስግኖኛል። ሰማንያ አንድ በመቶ።

ሰማንያ አንድ!

ሁሉም ከሄደ በኋላ ብቻዬን በድሮዎቹ መግለጫዎች እንደገና ሠራሁት። ሠላሳ አራት መጣ።

እንግዲህ ልዩነቱን የበላሁት እኔ ነኝ። ካታሎግ ቢባል ኖሮ ከማንም ጋር አይመሳሰልም ነበር፤ ሜታዳታ ስላልነው ግን እነማርኬሲም «አለን» አሉ። እንዲያምርባቸው ብዬ የጎረቤት ልብስ አለበስኳቸው፤ አሁን ጎረቤቱ መጥቶ ልብሴ ነው ይላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፣ ይኸው እኔ።

በሠንጠረዡ ላይ ከምንም ጋር ያልተመሳሰለ አንድ ኮርስ ብቻ አለ። የዶኛ ኔሊዳ።

ማክሰኞ፣ ጁን 3

ማርኬሲ ቢሮ ሄጄ ነገርኩት። ቁጥሩ እውነቱን አያሳይም፣ ቃላቱን የለወጥኳቸው እኔ ነኝ አልኩት።

«መምህራኑ ፈርመዋል?»

«ፈርመዋል።»

«እንግዲያው ቃሉ የእነሱ ነው። ‹የምናስተምረው ይህን ነው› ብለዋል።»

«እኔ እኮ ነኝ የጻፍኩላቸው፣ ፋቢያን።»

«በጣም ጥሩ አድርገሽ ነዋ የጻፍሽላቸው።»

ፈገግ አለ። ቀጥሎ ስለ ፈተናው ቀን አነሳ፤ ከክረምት እረፍቱ በፊት ቢሆን ይመችሽ ይሆን ብሎ ጠየቀኝ። ይመቸኛል አልኩ።

ያን ሐሳብ ሲያመጣ ቁጥሩ እንዲህ እንደሚሆን ያውቅ ነበር ብሎ ማሰብ ኃጢአት ነው። ሰውየው ሥራ ይበዛበታል። በቅን ልቦና ነው ያመጣው።

ረቡዕ፣ ጁን 11

ዶኛ ኔሊዳ ሲያስተምሩ ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። ለኮሚቴው ሥራ ነው። ማሞቂያው ስለማይሠራ ተማሪዎቹ ካፖርታቸውን አላወለቁም።

ትምህርቱ ስለ ሆስፒታል መዝገብ ነበር። አንዲት እናት ልጄን ኤምፓቾ ይዞታል ብላ ትመጣለች፤ ያ የሰፈር ሴት በጥብጣብ እየለካች የምታድነው የሆድ ሕመም። ኮምፒውተሩ እንዲህ የሚባል በሽታ አላውቅም ይላል። ነርሷ ወረፋው ስላስጨነቃት «ሌላ» የሚለውን ትጫናለች።

«በዓመቱ መጨረሻ ከበሽታው ሁሉ ማን በለጠ?» አሉ ዶኛ ኔሊዳ።

«‹ሌላ›!» አለች ታማራ። የአራተኛ ዓመት ተማሪና የተማሪዎች ተወካይ ናት፤ አፏ አያርፍም።

«ማሽኑ ተበላሽቷል?»

«ኧረ አልተበላሸም። የተሰጠውን በደንብ ነው የፈለገው።»

«ታዲያ ማን አጠፋ?»

ታማራ ወደ ጓደኞቿ ዞረች።

«እናትየዋ ምን ብላ እንደምትጠራው ሳይጠይቅ ስም ያወጣው ሰው» አሉ። «እናንተ እዚህ የምትማሩት ያንን ሰው ላለመሆን ነው።»

ለእኔም ይህንኑ ነበር ያስተማሩኝ፤ ያኔ ምሳሌው የጎርፍ ተፈናቃዮች ነበሩ።

ስንወጣ ታማራ መንገድ ዘጋችብኝ። «ፕሮፌ፣ ሰማንያ አንድ የሚባለው እውነት ነው? እነማርኬሲ ጋ ኤምፓቾ የሚያስተምር አለ እንዴ?»

«ሠንጠረዡ ገና አላለቀም» አልኳት።

ሐሙስ፣ ጁን 19

የፋኩልቲው ምክር ቤት ስብሰባ፣ የሚመጣው ሐሙስ። ሪፖርት። የፈተና ዝግጅት፣ ዳታቤዝ፣ ዳታቤዝ። ምግብ የለም፣ ማቴ ብቻ።

ኮሪደር ላይ ኦራሲዮ «መሐንዲስዋ!» ብሎ ጮኸብኝ፣ እየሳቀ። አያውቅም። ምንም የሚያውቀው የለም።

ሪፖርቱ ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል አንድ ማስታወሻ ጻፍኩ፦ «የኮርስ መግለጫዎቹ ቃላት በዚህ ዓመት በሰብሳቢዋ ተለውጠዋል።» አጠፋሁት። ጻፍኩት። አጠፋሁት።

እሑድ፣ ጁን 22

ዶኛ ኔሊዳ ቤት ሄድኩ። ልነግራቸው ነበር። መንገዱን ሙሉ ዓረፍተ ነገሩን ሳዘጋጅ ነበር፤ «እኔ ነኝ» በሚል የሚጀምር። በሩን ከፍተው ፊቴን አዩና «ግቢ፣ ውሃው ፈልቷል» አሉኝ።

ስለ ብርዱ አወራን። ስለ ወንዙ መጉደል አወራን። ስለ እህታቸው ጉልበት አወራን።

«በይ አሁን የመጣሽበትን ንገሪኝ» አሉ።

«ፈተናው አስጨንቆኝ ነው» አልኳቸው።

ቅሉን ሞልተው ሰጡኝ። «ስለ ፈተናው አታስቢ። ሌላ የምታስቢው ከሌለሽ።»

ያውቃሉ። አያውቁም። ቢያውቁ ይናገሩ ነበር፤ አፋቸውን የሚይዛቸው ሰው የለም። ያውቃሉ።

ሐሙስ፣ ጁን 26

አለቀ። ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት አልተኛም።

ሪፖርቱን አነበብኩ። ማስታወሻው አልነበረበትም። ማርኬሲ ተነሣና ድምፁን ሳያነሳ «እኛ አይደለንም አንድ ነን ያልነው፤ ራሳቸው ናቸው» አለ። ኦራሲዮ ዘሎ ተነሣ።

«እኔ የማስተምረው ካታሎግ ነው!»

«ይህ ፊርማ የማን ነው፣ ኦራሲዮ?»

ኦራሲዮ ወረቀቱን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ። አምስቱም አዩኝ። ዶኛ ኔሊዳ ብቻ አላዩኝም፤ መስኮቱን ነበር የሚያዩት። ዲኑ «ሰብሳቢዋ የምትጨምሪው ይኖራል?» አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። «ከሪፖርቱ የምጨምረው የለኝም» አልኩ።

ታማራ ከተማሪዎቹ ወንበር «ዝም አይነቅዝም፣ አይደል ፕሮፌ!» ብላ ጮኸች። ዲኑ ጠረጴዛውን መታ።

ድምፅ ተሰጠ፤ ዘጠኝ ለሰባት። ከማርች ጀምሮ የመረጃ ክፍል አዲስ ተማሪ አይቀበልም፤ የአምስቱ መምህራን ውል አይታደስም። ውሳኔው ለዩኒቨርሲቲው የበላይ ጉባኤ ይላካል፤ ሰነዱ ላይ እርማት ያለው እስከ ጁላይ 11 ለጽሕፈት ቤቱ ማቅረብ ይችላል። ይህን የመጨረሻውን ያነበብኩት እኔ ነኝ።

ማቴው ሲዞር እኔ ጋ ሳይደርስ ተመለሰ። ውሃው አልቆ ይሆናል።

ብናገር ኖሮ ቁጥሩ ይሰረዝ ነበር። ቁጥሩ ሲሰረዝ ደግሞ እኔ ሐሰተኛ ሰነድ ያዘጋጀች እባላለሁ፤ እንዲህ የተባለች ሴት ለውድድር አትቀርብም። አሥራ አንድ ዓመት! ለእኔ ብቻ ብዬ አይደለም፤ ወንዙ በጎደለ ቁጥር ሁጎ መንጠቆ የሚሸጥለት ሰው የለም፣ ቤቱ አለ፣ ዕድሜዬ አለ። ለማን ብዬ እንደሆነ እዚህ ደብተር ላይ እንኳ መዋሸት ደከመኝ። ለእኔ ነው።

ሰኞ፣ ጁን 30

ኦራሲዮ ሁጎ ሱቅ መጥቶ ነበር። ዓሣ አጥምዶ የማያውቅ ሰው መንጠቆና ክር ገዝቶ «ጊዜ ሊተርፈኝ ነው፤ ልልመደው» ብሎ ሄደ።

«ምን አደረግሽው?» አለኝ ሁጎ።

«ምክር ቤቱ ነው የወሰነው።»

«ምን አደረግሽው ነው ያልኩሽ፣ ሮክሲ። ሰላም በላት አላለኝም። ሁልጊዜ ሰላም በላት ይለኝ ነበር።»

ስለ ማርኬሲ ነገርኩት፣ ስለ ሐሳቡ፣ ስለ ፈገግታው። ክሩን ሲጠቀልል ቆየና «በሬ ካራጁ ይውላል» አለ። ተቆጣሁት። እኔ በሬ አይደለሁም፤ ማርኬሲም አራጅ አይደለም። ማርኬሲ ያለው «እርጃቸው» ነው። የረዳሁት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 8

የፈተናው ዕጣ ዛሬ ወጣ። ፈታኞቹ ሦስት ናቸው፤ ማርኬሲ፣ ከኮርዶባ የመጣ አንድ ጨዋ ሰው፣ እና ዶኛ ኔሊዳ። ዶኛ ኔሊዳ አምና ሲመረጡ በደስታ ዘልዬ ነበር። እያንዳንዱ ፈታኝ የታሸጉ ርዕሶች ያስገባል፤ ከመካከላቸው አንዱ ይወጣል፤ ተወዳዳሪው ያንን ከነገ ወዲያ በሕዝብ ፊት ያስተምራል። ወንበሩ የዳታቤዝ ስለሆነ የተዘጋጀሁት ስለ ዳታቤዝ ነበር።

ጸሐፊዋ ፖስታውን ቀደደችና አነበበች፦ «ዳታቤዝ ሲነደፍ የመረጃ ጥናት ከኮምፒውተር ሳይንስ የሚለይበት።»

ማርኬሲ ሳል ያዘው። ዶኛ ኔሊዳ መነጽራቸውን ይጠርጉ ነበር።

ዕጣ ነው። ዕጣ ላይ ማን ምን ያደርጋል።

ረቡዕ፣ ጁላይ 9

የነጻነት በዓል። ሰፈሩ ሁሉ ሎክሮ እየቀቀለ ነው፤ የበቆሎውና የሥጋው ሽታ ቤቴን ሞልቶታል። መጽሐፍ አልገለጥኩም። ርዕሱን እንቅልፍ ላይ ሆኜ እንኳ እችለዋለሁ። ያስፈራኝም መቻሌ ነው።

ሐሙስ፣ ጁላይ 10

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ታማራና ጓደኞቿ ከፊት፣ ኦራሲዮ ከበሩ አጠገብ።

ጥሩ አስተማርኩ። በሕይወቴ እንደዛሬ አስተምሬ አላውቅም። ኮምፒውተር ሳይንስ «የተጠየቀው ነገር በፍጥነትና ያለ ስህተት እንዴት ይገኛል?» ይላል አልኩ። የመረጃ ጥናት «የሚፈልገው ሰው ስሙን ባያውቀው ምን ብሎ ይጠይቃል?» ይላል። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ማሽን ላይ ይገናኛሉ እንጂ አንድ አይደሉም፤ አንዱን የምታውቅ ሌላውን አታውቅም። ስለ ኤምፓቾ ተናገርኩ፣ ስለ ነርሷ፣ «ሌላ» ስለሚለው። የኮርዶባው ሰው እየጻፈ ነበር። ማርኬሲ እንኳ ራሱን ነቀነቀ። ለአፍታ ሁሉንም ረሳሁት፤ ደስ ብሎኝ ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

ጥያቄ መጣ። ማርኬሲ ቀላል ነገር ጠየቀኝ። የኮርዶባው አመሰገነኝ። ዶኛ ኔሊዳ መጨረሻ ላይ ቀና አሉ።

«በጣም ግልጽ ነው። እንግዲህ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።»

«አዎ።»

«በስንት ይለያያሉ?»



«በቁጥር የሚገለጽ አይደለም፣ ፕሮፌሰር» አልኩ።

ከፊት ወንበር አንድ ሰው ሳቀ፤ የሚያስደስት ሳቅ አልነበረም። ዶኛ ኔሊዳ አልሳቁም። «አመሰግናለሁ። ሌላ ጥያቄ የለኝም» አሉ።

አንደኛ ወጣሁ። በሙሉ ድምፅ። እሳቸውም ፈርመዋል።

ደረጃው ላይ ጠበቅኋቸው። «ለምን ፈረሙልኝ?»

«ስላስተማርሽ ነዋ። የተፈተንሽው በማስተማር ነው።» የካፖርታቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ቆለፉ። «እርማት እስከ ነገ ቀትር ይቀበላሉ። ዛሬ ያልሽውን አንድ ገጽ አድርገሽ ጻፊው፤ መግለጫዎቹን የለወጥኩ እኔ ነኝ በይበት። ከዚህ በላይ አልለምንሽም።»

«ሹመቱ ገና አልጸደቀም፣ ዶኛ ኔሊዳ። ኦገስት ላይ ነው የሚጸድቀው።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«ነገ ጠዋት ይዤ እሄዳለሁ» አልኩ።

ጉንጬን ሳሙኝና ግድግዳውን ይዘው ወረዱ። ገጹን ጽፌ ጨርሻለሁ። ጥሩ ገጽ ነው። እሄዳለሁ።

ዓርብ፣ ጁላይ 11

ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ። ጉሮሮዬን ሲከረክረኝ አደረ፤ የአዳራሹ ብርድ ይሆናል። ሁጎ «ላድርስሽ?» ብሎ የመኪናውን ቁልፍ ይዞ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ትንሽ እስኪያባራ አልኩት። ታማራ ደወለች። እንደገና ደወለች። ገጹን ሳነበው አንዳንድ ዓረፍተ ነገሮች መስተካከል እንዳለባቸው አየሁ፤ የተቸኮለ ጽሑፍ ለእነሱም አይበጅም። አስተካከልኳቸው። ሁጎ ቁልፉን ሚስማሩ ላይ መልሶ ሰቀለው።

ዝናቡ ከቀትር በኋላ አባራ።